ጥላሸቱ ነዶ እስኪያልቅ

አየር ጤና ጋራዥ የገባሁ ቀን ዝናብ ነበር። የገዛሁት ቱታ ለወንድ የተሰፋ ስለሆነ እጅጌውን ጠቅልዬ፣ ሻሼን ከኋላ ጠበቅ አድርጌ አስሬ በሩ ላይ ቆምኩ። የጋራዡ ካፖ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጋሽ ነስሩ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ከየት ነሽ?» አሉ።

«ከኮልፌ፣ ከአጠና ተራ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ተቆጣ?»

«ትናንት ተቆጣ፤ ዛሬ ግን የታክሲ ሰጠኝ» አልኳቸው። ሳቁና አስገቡኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ መፍታትም ማጠብም አልነበረም። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና አስነስተው ከጭስ መውጫው፣ ከማርሚታው ኋላ አቆሙኝና «ሞተሩን ሳትነኪ ሕመሙን ንገሪኝ» አሉ። መኪናው ጥቁር ጭስ ፊቴ ላይ ተፋብኝ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የያዝኩት ሁሉ ጠፋኝ። ጋሽ ነስሩ አልተቆጡም። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይቱን እየበላ ነው፤ ነጭ ከሆነ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው ወይም ውሃ ገብቶበታል። ይህን ነግረውኝ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ጭስ ወደ ሌላው ሲያዞሩኝ ዋሉ። ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ «ከሰል ነው እንዴ የምትሸጪው?» አለችኝ።

ረዳት ሆኜ ጀመርኩ። ከዚያ መካኒክ፣ ከዚያ ዋና መካኒክ ሆንኩ። ጋራዣችን በናፍጣ ሞተር ይታወቅ ስለነበር ከጭነት መኪና ሌላ ጀኔሬተርና ትራክተርም ይመጣልን ነበር። አንዳንድ ደንበኛ መጀመሪያ ሲያየኝ «መካኒኩ የለም?» ይላል። ጋሽ ነስሩ «አጠገብህ ቆማለች» ይሉታል። በዚያ ጋራዥ ለእኔ የተሟገቱልኝ ይህንኑ ያህል ነው፤ በቂ ነበር።

ገብሬ የመጣው እኔ ዋና መካኒክ ከሆንኩ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የቦንጋ ልጅ። ከእህቱ ጋር ጦር ኃይሎች አካባቢ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። የሞተር ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ከእሱ ሌላ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመጣ በሳምንቱ ተጣላን። ሞተር በውሃ ሳጥብ አየኝና መጣ።

«ስታጥቢ የሽቦዎቹን ሶኬቶች ሸፍኚያቸው እንጂ።»

«ከአንተ በፊትም ሞተር አጥቤ አውቃለሁ።»

«ከእኔ በፊት የመጡት ሞተሮች ሶኬት አልነበራቸውማ።»

እውነቱን ነው። ልመልስለት ፈልጌ ሳቄ ቀደመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተር ሳጥብ መሸፈኛ ላስቲክ ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሥራችን መለወጥ ጀመረ። ከውጭ ያገለገሉ ትንንሽ ትራክተሮች እየገቡ ነበር። የእህል መሬት የሚያርሱት ትልልቆቹ አይደሉም፤ ለአትክልት ቦታ፣ ለከብት እርባታ፣ ለኳስ ሜዳ ሣር የሚሆኑ፣ ከሚኒባስ ያነሱ ናቸው። ኮፈናቸውን ስከፍት ማርሚታው ቦታ ላይ ወፍራም የብረት ጣሳ አገኛለሁ። ከኋላቸው ብቆም ጭስ የለም። ጥቁርም ሰማያዊም የለም። ጋሽ ነስሩ አንዱን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ይሄ ሞተር ምላሱን ተቆርጧል» አሉ።

ጣሳው የጭስ ማጣሪያ ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ አለ። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ጥላሸቱ ይቀራል። ጥላሸቱ እየበዛ ሲሄድ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ በየጊዜው መቃጠል አለበት። ትራክተሩ ከባድ ሥራ ከሠራ ጭሱ በጣም ይግላል፣ ጥላሸቱም ማንም ሳያውቅ በራሱ ነዶ ያልቃል። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ቆሞ ከዋለ፣ ወይም ትንሽ ሄዶ ትንሽ ከቆመ ግን አይግልም። ያኔ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ነጂው ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ማርሹን አውጥቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ዙሩን ከፍ አድርጎ እስኪጨርስ መተው አለበት። የማሽኑ መጽሐፍ ረጅም ስም ሰጥቶታል። እኛ «ማቃጠል» ነበር የምንለው።

ይህን ያስተማሩን እትዬ አልማዝና ሾፌራቸው ቶሎሳ ናቸው ማለት ይቻላል።

እትዬ አልማዝ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የአትክልትና የወተት ላሞች እርሻ ነበራቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ እርሻውን ብቻቸውን ያዙት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሿን ትራክተራቸውን በጭነት መኪና አስጭነው መጡ። ቶሎሳ ከኋላ ወርዶ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሠላሳ ያልሞላው፣ እጁ የገበሬ የሆነ ሰው ነው።

«ገደለብኝ» አሉ እትዬ አልማዝ፣ በእጃቸው ወደ እሱ እያሳዩ። «ባሌ ያስመጣልኝን ማሽን ገደለብኝ። አቅም የላትም፤ ነዳጅ ብትሰጣት ዙሯ አይነሳም። እሱን ከቅዳሜ በኋላ አሰናብተዋለሁ፤ እናንተ እሷን አድኑልኝ።»

 የቶሎሳ ቤት እዚያው እርሻው ግቢ ውስጥ እንደሆነ፣ ሚስቱም የመውለጃዋ ወር እንደገባ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሌላ ጋራዥ ማጣሪያውን ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ ቧንቧ ለመበየድ ቃል ገብቶላቸው ነበር። ጋሽ ነስሩም ያንኑ ሐሳብ ወደዱት። «ምን ያደርግላታል ይሄ ጣሳ? ቆርጠን እንጣለው፣ ትተነፍሳለች።»

ገብሬ መሣሪያውን ሰክቶ ሲያነብ ቆየ። «ጋሽ ነስሩ፣ ብንቆርጠው ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ አቅሟን ጭራሽ ይይዘዋል። ደግሞ ማሽኗ ጥፋት የለባትም። ለማቃጠል ደጋግማ ጀምራ ደጋግሞ ተቋርጦባታል።»

እኔ በበኩሌ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁ። ዘይቱ ከላይኛው መስመር አልፏል። የሞተር ዘይት ይቀንሳል እንጂ እንዴት ይጨምራል? አሸተትኩት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ለማቃጠል ተብሎ የተረጨ ትርፍ ናፍጣ፣ ነገሩ በመሀል ሲቋረጥ ወደ ዘይቱ ወርዷል። ዘንጉን ለገብሬ አሳየሁት። እሱ በኮምፒውተር ያነበበውንና እኔ በአፍንጫዬ ያገኘሁትን ስንገጥመው አንድ ሆነ። ተያየን። እንዲህ ያለው መተያየት በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም።

ቶሎሳን ወደ ጎን ወሰድኩት። «ቢጫው መብራት ሲበራ ምን ታደርግ ነበር?»

«አጠፋታለሁ፣ እትዬ።»

«ለምን?»

 «አንድ ቀን ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ሳለሁ በራ» አለ። «ሞተሩ በራሱ ጮኸ። ሽታው ተለወጠ። ከጭስ መውጫው ፊት የነበረው ድርቆሽ ጫፉ ጠቁሮ መጨስ ጀመረ። ዘልዬ አጠፋኋት፣ ድርቆሹን በእግሬ ረገጥኩት። መጋዘኑ ቢነድ ላሞቹ አጠገቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በበራ ቁጥር አጠፋታለሁ። እመቤትም ቆመሽ ነዳጅ አትጨርሺ ነው የሚሉት።» «አትጨርሺ» ያለው ለማሽኗ ነው፤ እንደ ላም ነበር የሚያወራላት።

ወደ እትዬ አልማዝ ተመልሼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ድርቆሹን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «መጋዘኑ ሊነድ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?»

«ትቆጫለሽ ብዬ ነው እመቤት» አለ ቶሎሳ፤ አማርኛው ሲደነግጥ ይዛነፍ ነበር።

ያን ዕለት ማጥፋቱ ልክ ነበር። ስህተቱ ከመጋዘን አውጥቶ ሜዳ ላይ እንዲያስጨርሳት የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ያን ማወቅ የእሱ ሥራ አልነበረም። እትዬ አልማዝም አያውቁትም፤ የሸጠላቸውም አልነገራቸውም።

ጋሽ ነስሩ ግን አሁንም መቁረጡን አልተዉም። «እሺ፣ ገባኝ። ግን መቆረጡ አይቀልም?»

«ከኋላዋ ጎመንና ካሮት የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው» አልኩ። «ጭሱን የሚስቡት እነሱ ናቸው።»

ጋሽ ነስሩ ቤታቸው ከቆሼ የቆሻሻ መጣያ ብዙም የማይርቅ ሰው ነበሩ። ነፋሱ ወደ እነሱ ሲዞር መስኮት ዘግተው የሚውሉበትን ቀን እናውቃለን። ትንሽ አሰቡና «እንደምትሉት ይሁን። ግን ብትፈነዳ እኔ የለሁበትም» አሉ።

ገብሬ አንድ ነገር አስጠነቀቀ። የተጠራቀመው ጥላሸት ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ እዚያው ማሽኗ ላይ ማቃጠል አይቻልም፤ ሙቀቱ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፣ ማጣሪያውም ያበቃለታል። አዲስ ማጣሪያ ደግሞ አገር ውስጥ አልነበረም። አንድ ዕድል ነው ያለን ማለት ነው።

በናፍጣ የቀጠነውን ዘይት ደፍቼ፣ ሲቃጠል አመዱ ትንሽ የሆነውን ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሆን ዘይት ሞላሁ። በማግስቱ ጠዋት ትራክተሯን ጋራዡ ጥግ ያለው ባዶ መሬት ላይ አወጣናት። ጨርቅና ካርቶን ሁሉ አነሳን፣ መሬቱን ውሃ ረጨን። ገብሬ ከኮምፒውተሩ አዘዘ። ዙሩ ከፍ አለ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

ሙቀቱ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ ማሽኗ ራሷ አቋረጠችው።

ጋሽ ነስሩ ለመቁረጡ የብየዳ መነጽሩን ካለበት አንስተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። እትዬ አልማዝ «እኔ ቀድሞም ብዬ ነበር» አሉ። ቶሎሳ ወደ አጥሩ ዞረ። ገብሬ ግን በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሳቁ ተሰማኝ።

«ከድጃ፣ ነይ እዪ።»

አጠገቡ ተኛሁ። የማጣሪያው ሙቀት መለኪያ ሽቦ ተበልቷል። ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ አይጥ ቆርጥማዋለች። ኮምፒውተሩ ሙቀቱን ማየት ስላልቻለ ፈርቶ ነው ያቋረጠው። ገብሬ ሽቦውን ቀጠለ፣ እኔ መብራት ያዝኩለት። ሲጨርስ በሙቀት የማይቀልጥ ልባስ አለበሰውና ከብረቱ አርቄ እንዳስረው አቀበለኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ሙቀቱ መውጣት ጀመረ። ገብሬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ማጣሪያውን ከርቀት አያለሁ። የሚቃጠል ብረት የመሰለ ሽታ መጣ። ከጭስ መውጫው በላይ ያለው አየር እንደ ውሃ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። መሄድም ማጥፋትም አይቻልም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥን።

እትዬ አልማዝ ትንሽ ከቆዩ በኋላ መንቆራጠጥ ጀመሩ። «ኧረ ነዳጁ አለቀ! አሁንስ አይበቃም?»

«እትዬ፣ አሁን ብናጠፋት የደከምንበት ሁሉ ባዶ ነው» አለ ገብሬ። «ይልቅ ይቀመጡ።»

ጎማ ላይ ለመቀመጥ አመነቱ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ቶሎሳ እንደቆመ ነው። ዓይኑን ከመብራቱ ላይ አልነቀለም። ትንሽ ቆይተው እትዬ አልማዝ ሳያዩት «ሚስትህ እንዴት አደረች?» አሉት። «ደህና ናት፣ ወገቤን ትላለች» አለ። «ውሃ እንዳትቀዳ፤ ሠራተኛዬ አስቴር ትቅዳላት» አሉ። 

መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ በራሱ ወደ ዝቅተኛው ዙር ተመለሰ። ገብሬ መሣሪያውን አየና «ንጹሕ» አለ። ቶሎሳ እንዲነዳት ነገርኩት። ግቢውን አንዴ ዞረ፤ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ሙሉ ድምፅ አወጣ። ከወንበሩ ላይ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

እትዬ አልማዝ ይቅርታ አልጠየቁትም። «ሰኞ የታችኛው መሬት ይታረሳል፤ በጊዜ ተነስ» ብቻ አሉት። ቶሎሳም «እሺ እመቤት» አለ። ልጁ ሲወለድ ወተት ልኮልን ነበር።

ይህ ከተሰማ በኋላ ትንንሽ ትራክተር ያለው ሁሉ ወደ እኛ መጣ። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከከተማው ሜዳዎች። ጋሽ ነስሩ ራሳቸው «መቁረጥ እዚህ የለም» ማለት ጀመሩ። እኔና ገብሬ በየጊዜው እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። በሌላው ሥራ ሁሉ አንዱ እየተጠራ፣ አንዱ እየሮጠ፣ ሁለት ቃል አንለዋወጥም። ማቃጠል ላይ ግን መሄድ የለም። አሁን ሳስበው ከዚያ ሁሉ ዓመት የሚናፍቀኝ እሱ ነው፤ የጋለ ማሽን ፊት፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ።

ስለ አባቱ ቀፎዎች ያወራኛል። ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ማር ሲቆረጥ ጫካው ምን ምን እንደሚሸት። እኔ ስለ እናቴ አወራዋለሁ፤ ከአባቴ ሞት በኋላ ዓይኗ እየደከመ ነበርና ብቻዋን አልተዋትም። ጋራዥ ከገባሁ በኋላ አግብቼ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ያኔ ካረፈ ቆይቶ ነበር፤ ልጅ አልነበረንም። ገብሬም አላገባም። ግቢው ውስጥ የሚያሙን ነበሩ፤ የሚያሙበት ነገር ግን አላገኙም። እሱ የተክልዬን ጽዋ የሚጠጣ፣ እኔ ጁምዓ የማላጓድል ሰው ነኝ። ሁለታችንም አንዱን ነገር ሳንናገር ብዙ ነገር እንነጋገር ነበር።

አንድ ቀን የኳስ ሜዳ ሣር የሚያጭድ ማሽን እያቃጠልን ሳለ አባቱ እንደታመሙ ነገረኝ። መመለሱ አይቀርም። ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሳ «ቦንጋም እኮ ትራክተር አለ» አለ። «የሻይ እርሻው ሞልቷቸዋል። መካኒክ ግን የለም።»

ምን እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል።  ሞተሩ ይጮኻል፤ እናቴ በዚያ ሰዓት በግድግዳው እየተደገፈች ወደ በር እንደምትወጣ አውቃለሁ።

«እዚህም አለ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው መብራቱ ጠፋ፣ ዙሩ ወረደ። ሥራው አልቋልና ተነሳን።

በወሩ መጨረሻ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ ሸኘነው፤ ጋሽ ነስሩ መርቀው አቀፉት። እኔ እጄ ቅባት ስለነበረ ክንዴን አስጨበጥኩት።

ከሄደ በኋላ ለኢድ ይደውላል፤ እኔ ለመስቀልና ለፋሲካ እደውላለሁ። አንድ ጊዜ ግን በበዓል ያልሆነ ቀን ደወለ። ሻይ እርሻው ላይ አንድ ማሽን እያቃጠለ ነበር። «ድምፁን ስሚልኝ፤ አንድ ነገር ያንኳኳል» አለ። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው። ሰማሁት።

«ቀበቶው ነው፤ ላልቷል። አያሳስብም፣ አስጨርሰው።»

«እሺ» አለ። አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም። ሁለታችንም ሞተሩ ሲጮህ ሰማን። እኔ ጋራዡ ጥግ ቆሜያለሁ፣ እሱ ቦንጋ ነው። በመሀል ካርዱ አለቀና ተቋረጠ። መልሼ ልደውል አሰብኩ፤ ተውኩት። ሥራ ላይ ነው ብዬ።

በሚቀጥለው ዓመት አባቱን ቀበረ። በኋላ አገባ፤ ራሱ ነግሮኛል፣ ደስ ብሎኛልም። ዛሬም በኢድ ይደውላል። ጥሪው አጠር እያለ ሄዷል።

ጋራዡ ያለበት ግቢ አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል። ጋሽ ነስሩ አርፈዋል። እናቴም አለፈች። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከማሽን ሥር መግባት ትቻለሁ፤ ሲጠሩኝ ግን እሄዳለሁ። በቅርቡ ቀራንዮ አካባቢ አንድ የአትክልት ቦታ ትራክተር ተበላሽቶ ወጣቶቹ ጠሩኝ። ጎበዞች ናቸው፤ ከእኔ የሚያንሱ አይደሉም። ማሽኑን አስነስተን ተቀመጥን። ዓይኔን ማጣሪያው ላይ አድርጌ እንደ ልማዴ «ገብሬ፣ ሙቀቱ ደረሰ?» አልኩ።

«ደርሷል፣ እትዬ» አለኝ ከጎኔ የተቀመጠው ኤሌክትሪሺያን። ስሙ ገብሬ እንዳልሆነ አልነገረኝም።

እንዲህ ዓይነት ማሽን ለያዘ ሰው የምለው ይህን ነው። ሥራ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር አስነስተው አያውሉት። መብራቱ ሲበራ ከድርቆሽና ከሰው አርቀው ሜዳ ላይ ያቁሙት፣ ሳይጨርስ አያጥፉት። ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ይለውጡት። ማጣሪያውን አይቁረጡ። ይህንንም ከባለቤቱ በፊት ለሚነዳው ሰው ይንገሩት።